ውኃ ያልለመደ አበባ

ሰመራ በተከራየሁበት ግቢ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖሩት አዛውንት፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው አስረው ጠዋት ጠዋት የዱር አበባ ይኮተኩታሉ። ከሰርዶ ድንጋያማ ሜዳ ከነሥሩ ያመጡት ነው። ቧንቧው አጠገባቸው ሆኖ ጠብታ አያፈሱለትም። ግራ ገብቶኝ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ በዚህ ሐሩር ለምን አያጠጡትም?»

«ውኃ ካስለመድኩት እኔ ስሄድ ይሞታል።»

«ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«አገሬ፣ ወሎ። ልጄ ከዚህ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሯል። ደረስኩ ብሎ እስኪደውልልኝ ነው የተቀመጥኩት፣ ኢንሻአላህ።»

አከራያችን ኡምሰልማ ግን ልጁ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው አለችኝ።

ትናንት ደግሞ የዚያኑ አበባ ዘር ሲዘሩ አገኘኋቸው።

«ይኼኛው መቼ ያብባል፣ ጋሼ?»

«ሁለት ዓመት ይፈጃል» አሉኝ፣ አፈሩን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው እየተጫኑ።