በቅርጫ የተከፋፈለው ማይክሮስኮፕ

ባለፈው ሳምንት ከልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ የውኃ ቦይ ሲቆፈር፣ ኤክስካቫተሩ ከአንድ ትልቅ ኮንክሪት ጋር ሲታገል ቆሜ አየሁ። “የጣልያን ምሽግ ሳይሆን አይቀርም” አለ ከሠራተኞቹ አንዱ። ምሽግ አልነበረም። ኮንክሪቱ ሲሞላ ከጎኑ ቆሜ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከአንድ ወዳጅ አገር፣ ቫይረስ ሳይቀር የሚያሳይ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በእርዳታ መጣ። ያለን እሱ ብቻ ስለሆነ ጤናውም፣ እርሻውም፣ ማዕድኑም በጋራ እንዲገለገልበት ታሰበ። እኔ ሬዲዮ እየፈታሁ እየገጠምኩ ኤሌክትሪክ የተማርኩ ወጣት ነበርኩ፤ የጤናዋ ዶክተር አልማዝ ማሽኑን እንድንከባከብ ቀጠሩኝ። እሳቸው የታመሙ ሕፃናትን ናሙና ውጭ አገር ይልኩ ነበር። መልሱ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ልጁ የለም።

ማሽኑ ንዝረት አይወድም። ስለዚህ በዚያ ክረምት የሚተከልበትን ቦታ ፍለጋ ውኃ የሞላ ሳህን መሬት ላይ እያስቀመጥን፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ ውኃው ይርገበገብ እንደሆነ እናይ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አልረጋ አለን። እዚያው የበቆሎ ጥብስ ገዝተን፣ እየፈለፈልን ወደ ልደታ ወረድን። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ባለበት ግቢ ውስጥ ውኃው ዝም አለ።

“እዚህ ነው፣ ልጄ” አሉ ዶክተር። የማሽኑ መሠረት በኮንክሪት ተሞላ።

ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ግን እያንዳንዳቸው “እኛ ግቢ ካልሆነ” አሉ። ስብሰባው ሲሰለች ሰብሳቢው ሳቀ። “ጓዶች፣ ለፋሲካ በሬ ስንካፈል ማን ተጣልቶ ያውቃል? መደብ ይመደብ፣ ዕጣ ይውጣ! ሥራ ሲኖር ትዋዋሳላችሁ።”

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዋናው አካል ለጤና፣ አየር የሚመጥለት ፓምፕ ለእርሻ፣ የኃይል ሳጥኑ ለማዕድን ደረሰ።

ዶክተር ተነሡ። “ጓድ ሰብሳቢ፣ በቅርጫ የተከፋፈለ በሬ አርሶ ያውቃል?”

“ምነው ጓድ ዶክተር፣ ሻኛው እኮ ለእናንተ ነው የደረሰው!”

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ማንም ለማንም አላዋሰም። ዋናው አካል ከነሣጥኑ መጋዘን ገብቶ ዛገ፤ ዶክተርም ጡረታ እስኪወጡ ናሙና ውጭ አገር መላካቸውን አልተዉም።

ኤክስካቫተሩ በመጨረሻ ተሸነፈ፤ ቦዩን በጎን አዞሩት። በማግስቱ ከዝናብ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ኮንክሪቱ ላይ ውኃ አቁሯል። ሲኖትራክ መንገዱን እያንቀጠቀጠ አለፈ፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውኃው አልተነቃነቀም።

ቦታውስ ልክ ነበር።