የጠፋውን ሁሉ የምትመልሰው ጎረቤት

ካሜራማኑን የሰፈሩ ሰው «ፈገግ በሉ» ይለዋል፤ ሠርግ በቀረጸ ቁጥር ከአፉ የማይጠፋው ቃል ይኸው ነውና። ጉዱ ግን እሱ ራሱ ካሜራ ፊት ሲቆም ፊቱ ድርቅ ይላል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሌላ ሴት ቀና ብሎ አላየም ነበር፤ ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ እስክትከፍት ድረስ። ከዚያ ወዲህማ ልቡ የራሱ አልሆነችም።

ልንገራት ብሎ ሲቀርብ ምላሱ ይተሳሰራል። ታዲያ ምን አደረገ? አንድ ቀን ስቱዲዮውን ከውስጥ ቆልፎ፣ ክራባት አስሮ፣ ካሜራውን በራሱ ላይ ደግኖ የሚላትን ደጋግሞ ተለማመደ። የተቀረጸውን፣ የሠርግ ፊልሞች በሚያስቀምጥበት ሀርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ቢያየው በሃፍረት ሊሞት ምንም አልቀረው። ወዲያው አጠፋውና እፎይ አለ።

በቀደም ጎረቤቲቱ «የልጄ ሠርግ ፊልም አልደረሰም?» ብላ ብቅ አለች። ፈገግ በሉ ደንግጦ ብድግ ሲል እግሩ የሀርድ ዲስኩን ገመድ ጠለፈና ዲስኩ ወለሉ ላይ ዱብ! መልሶ ቢሰካው ኮምፒውተሩ ማንበብ አቅቶኛል፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀው። ጣቱን «እሺ» ላይ ሊያሳርፍ ነበር።

«ተው! እንዳትነካው!» ብላ እጁን ቀብ አደረገችው። «እሺ ካልከውማ የልጄን ሠርግ ውሃ በላው። ይልቅ ይዘኸው ና፣ ሱቅ እንሂድ።»

እጁን ስለያዘችው የዲስኩን ነገር ለጊዜው ረስቶት ነበር።

ሱቋ እንደገቡ መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወሰደች፤ የተጎዳውን መነካካት አትወድም፣ የምትሠራው በቅጂው ላይ ነው። ከዚያ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም አስነሳችና ወደ እሱ ዞር አለች።

«አይዞህ፤ ይኼ ድሮ ያጠፋኸውን ሳይቀር ቆፍሮ ያወጣል።»

ፈገግ በሉ ክው አለ። «ያጠፋሁትን? እንዲያው... ጠፍቶ ቢቀርስ?»

«የልጄ ሠርግ?»

«ኧረ እሱስ ይመለስ! ሌላው ነው እንጂ...»

«መምረጥ የለም ወንድሜ፤ ከመጣ ሁሉም ነው የሚመጣው።»

መጣም። የተመለሱት ፋይሎች ግን ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ስለተደረደሩ አንድ በአንድ መክፈት ግድ ሆነ። ሙሽሪት ከመኪና ወረደች፣ ኬክ ተቆረጠ፣ አጎትየው ጭፈራ መሀል ጫማው ወለቀበት። ጎረቤቲቱ በደስታ ታጨበጭባለች፣ ፈገግ በሉ ላብ በላብ ሆኗል። ቀጣዩን ስትከፍተው ክራባት ያሰረ ሰውዬ ብቅ አለ።

«ክብርት ጎረቤቴ ሆይ» አለ ሰውዬው፣ መግለጫ የሚያነብ ይመስል።

ፈገግ በሉ ገመዱን ሊነቅል ተንደረደረ።

«እየሠራ አይነቀልም! ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በሁለተኛው ፋይል ሰውዬው ያስነጥሰዋል። በሦስተኛው «ፈገግ በል እንጂ አንተ!» እያለ ራሱን ይቆጣል። በአራተኛው ግን ክራባቱን ፈትቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ምሳዬን የምበላው በመስኮት አንቺን እያየሁ ነው» ይላል። «ያልመጣሽ ቀን እህል አይወርድልኝም። እና... አብረን ብንኖርስ?»

ሴትዮዋን ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጠረጴዛውን እስክትደበድብ ሳቀች። አራተኛውን ደግማ ከፈተችና አሁን ሳትስቅ እስከ መጨረሻው አየችው። ፈገግ በሉ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ሠርጉን አዲስ ዲስክ ላይ ጭና ሰጠችው። የሰውዬውን ፋይሎች ግን ከቦርሳዋ ባወጣችው ፍላሽ ላይ ገለበጠቻቸው።

«እነሱንም... ለኔ ስጪኝ እንጂ» አለ እንደምንም።

«አልሰጥህም» አለች ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «አንተ ጋ ከገባ ታጠፋዋለህ። ስናረጅ አብረን እያየን እንስቅበታለን።»