በሰው የተመዘነች መኪና

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከወንዙ ማዶ የምወዳት ልጅ ነበረች። መውደዴን አልነገርኳትም። እናቷ እግራቸው አብጦ መራመድ ስላቃታቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ ሐኪም ቤት ሲሄዱ አዝዬ ድልድዩን የማሻግራቸውና አስፋልቱ ድረስ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ኮተቤ ለመምህርነት እየተማርኩ ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት ትምህርት አልነበረኝም። እሷ ከኋላችን ነጠላና የሕክምና ካርድ ይዛ ትከተላለች። እዚያ ቤት የሚያስገባኝ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በዚህ መሐል አንድ ባለመኪና ወጣት መጣ። የአባቱ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ ለእሱ የተረፈችው አንዲት ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ መኪና ነበረች። ሰማያዊ ናት፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከቧት ይውላል፤ እኔ ግን ባለቤቷ እያየኝ ዞር ብዬ አላያትም ነበር። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ የድርሻዬን ለእናትየው ላውለው፣ ከደጃቸው አንስቼ ሐኪም ቤት ላድርሳቸው አለ። ክፉ ሰው ቢሆን ጠልቼው በተገላገልኩ። ደግ መሆኑ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ድልድዩ ግን የእድሩ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሬሳ ማሻገር ስላስቸገረ፣ እድርተኛው ከእንጦጦ ባስወረደው የባሕር ዛፍ ግንድ በገዛ እጁ ሠራው። መኪና አልፎበት አያውቅም። የእድሩ ዳኛ፣ ቀጠን ያሉ ችኩልነት የማይወዱ ሽማግሌ፣ ድልድዩ ቢሰበር በክረምት የሚሞተውን ማን ያሻግርልናል ብለው ጠየቁ። ባለመኪናው ልጅ የመኪናዋን ክብደት የተጻፈበትን ሊብሬ አመጣ። ዳኛው አዩትና መለሱለት። የተጻፈው አዲስ ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወለሏ በላሜራ ተበይዷል፣ ፓራውልቷ በሌላ ወፍራም ብረት ተቀይሯል፣ ጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ተገጥሟል። የዛሬው ክብደቷ ይታወቅ አሉ። ምዘናውንም፣ ተማሪ ነው ብለው፣ ለእኔ ሰጡኝ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ለእኔ።

አስፋልቱ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት እህል በማዳበሪያ የሚመዘንበት ባስኩላ ነበረው። መኪናዋን በአንዴ አይችላትም፤ ስለዚህ አንድ አንድ ጎማዋን በየተራ ባስኩላው ላይ እያወጣን ልንደምር ተስማማን። ድምሩን ስናገር የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ፤ ሊብሬው ላይ ካለው እጅግ ይበልጣል። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጁ አንገቱን ደፋ። ደስ አለኝ፤ ፊቴን አዙሬ ነው ደስ ያለኝ። ወዲያው ግን ስህተቱ ታየኝ። ባስኩላው ከመሬት ከፍ ይላል፤ አንዱ ጎማ ብቻውን ከፍ ሲል የጎረቤቶቹንም ሸክም ይወስዳል። ሒሳብ አበላሸህ ብሎ ነገ የሚነግረኝ ባለመኪናው እንዲሆን አልፈለግኩም። ቅናት ቢይዘኝም ኩራቴ አልለቀቀኝም። በሌሎቹ ጎማዎች ሥር እንደ ባስኩላው ከፍታ ሳንቃ ይግባ አልኩ። እንደገና ስንመዝን ድምሩ በጣም ወረደ፤ ከሊብሬው የበለጠው መቶ ኪሎ ያህል ብቻ ሆነ።

ዳኛው ቁጥሩን ሰምተው፣ «ኪሎው ለእኔ ምኔም አይደል። በሰው አስላልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

እድርተኛው ተራ በተራ ባስኩላው ላይ ወጣ። የመኪናዋን፣ የነጂውን፣ የእናትየውንና የልጅቷን ክብደት የሚያህል ሰው ድልድዩ ላይ ሊቆም ነው። በዚያ ዘመን ጠግቦ የሚያድር ስላልነበረ ከገመትኩት በላይ ብዙ ሰው አስፈለገ። የእሷንም ኪሎ ጠይቄ ጻፍኩ። ነገረችኝ፤ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ድልድዩን ሞሉት። ደምሬ ስጨርስ አንድ ሰው ጎደለ። ከዳኛው ሌላ ወንዙ ዳር የቀረ ወንድ፣ ወረቀት የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዳኛው ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። ገባሁ። የተረፈው ቦታ ከባለመኪናው አጠገብ ነበር። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ብንወድቅም አብረን ነው» አለኝ። ድልድዩ ይሰበር ብዬ ለመንኩ፤ እኔ ላዩ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ላዩ ላይ ቆሞ፣ ይሰበር ብዬ። ግንዱ አንዴ ሲጥ አለና ፀጥ አለ። ዳኛው ጎንበስ ብለው ከሥር አዩትና መኪናዋ ትለፍ አሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እግሬ ለምዶ እዚያው ደጅ ወሰደኝ። ስደርስ እናትየው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰማያዊዋ መኪና ሞተሯ ተነሥቷል። ነጂው በአክብሮት ሰላም አለኝ። እናትየው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ልጅቷ ከኋላ ወንበር መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። እንደዚያ ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም።

«ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ጀርባህ ያርፋል» አለችኝ።

ጀርባዬ አንድም ቀን ደክሞት እንደማያውቅ ልነግራት ስል መኪናዋ ተንቀሳቀሰች።