ለበረቱ የመረጠችልን ሽቦ

አባቴ አዲሱን የላም በረት ሠርቶ በጨረሰ ጊዜ እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምር ነበር። ቤታችን ከጅጋ ወጣ ብሎ ነው። መብራት መንደራችን ስለገባ፣ አባቴ በረቱን ሊያበራና የገለባ መቁረጫ ማሽን ሊተክል አሰበ። ቅዳሜ ለት ሽቦ ልንገዛ አብረን ቡሬ ሄድን።

የገባንበት ሱቅ ባለቤት ሻሿን እስከ ግንባሯ ያሰረች ጎልማሳ ሴት ነበረች። አባቴ ለቤታችን አምፖል የተዘረጋውን ዓይነት ቀጭን ሽቦ ጠየቃት።

"ከምን ላይ ሊዘረጉት ነው፣ አባባ?"

"ከበረት።"

ያነሳችውን ጥቅል መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። "ይህንስ ለበረት አልሸጥልዎትም። ይቀየሙኝ ይሆናል።"

አባቴ እውነትም ተቀየመና ወደ በሩ ዞረ። እኔ ግን ምክንያቷን ጠየቅኋት። ገጠር ያለው ወንድሟ በረቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽቦ ዘርግቶ፣ አይጥ ላስቲኩን በልቶት ኖሮ፣ የምትታለብ ላሙ እርጥብ መሬት ላይ እንደቆመች ሞታበታለች። ይህን ስትናገር ድምጿ ዝቅ አለ። አባቴ ተመልሶ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"እንግዲያ አንቺው ምረጪልን" አላት።

የማሽኑን ኃይል የሚችል ወፍራም ሽቦ፣ ሽቦውን ከአይጥ የሚከልል ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ኤሌክትሪክ ወዳልሆነ ቦታ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር አወጣችልን። የምታምነውን የመብራት ባለሙያም ደውላ አገናኘችን። ባለሙያው መጥቶ ቱቦውን ላሞቹ ከማይደርሱበት፣ ከጣሪያው ሥር አሳለፈው። ከማሽኑም ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ቀበረ።

ክረምት ላይ ነፋስ አንዱን ቆርቆሮ ገልጦት ማሽኑ ላይ ውሃ ሲወርድ አደረ። እናቴ ይህን ሳታውቅ ጠዋት ማሽኑን ልታስነሳ ገባች። ገና ከማብራቷ ድርግም አለ።

"መብራት ሄደ" ብላ ተጣራች።

የቤቱ አምፖል ግን እንደበራ ነበር። አባቴ ሄዶ ብሬከሩን ሲያይ ወርዷል። ቀጥሎ የራሰውን ማሽን፣ እናቴ የቆመችበትንም ውሃ አየ። እጇን ይዞ አወጣት፤ ደጅ ሲደርስ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ምነው፣ አመመህ?" አለችው።

"አንቺ ደህና ከሆንሽ ደህና ነኝ።"

በቀጣዩ ገበያ ማር ይዘን ቡሬ ወረድን። ሴትዮዋ የሆነውን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "አልሐምዱሊላህ። ያን ለት ተቀይመው ቢሄዱ ኖሮ የኔ ምክር ምን ይረባ ነበር?"

"ለመሄድማ ተነሥቼ ነበር" አላት አባቴ፤ "አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ።"

ዛሬ እናቴ ቡሬ በወረደች ቁጥር እዚያ ሱቅ ሳታርፍ አትመለስም። ስለ ልጆቻቸውና ስለ ወተቱ ሲጫወቱ ይውላሉ። አመሻሽ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሰማችውን ወሬ ለማውራት እየቸኮለች ወደ ቤት ስትመጣ ሳያት፣ ስላለችልኝ አመሰግናለሁ።