ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላምታ

ከሮቤ የወጣሁበት ሌሊት ጉም ስለነበረ የሰፈሬን ቤቶች እንኳ አይቼ አልተሰናበትኩም። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ነው የሚነሣው። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቅቤውን ጣሳ አፍ በፕላስተር ደጋግማ ታሽጋለች። እኔ ዕቃ እቆጥራለሁ፣ እሷ ታሽጋለች፤ ሁለታችንም ቀና አንልም።

«ይሄን ለጀማል ስጪልኝ» አለች።

«እሺ እማ።»

«የልጅቷን ድምፅ ደግሞ ላኪልኝ። ከዚያ አገር ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

ልጅቷ ሰዓዳ ናት፣ የወንድሜ የጀማል ልጅ። ሮቤ ተወልዳ በስምንት ዓመቷ ከእናቷ ከሃሊማ ጋር አባቷ ወዳለበት ወደ ሜልቦርን ሄደች። ሃሊማ ለእናቴ ምራት ብቻ አልነበረችም፤ አጥሩን ተሻግራ እኛ ቤት እየበላች ያደገች የጎረቤት ልጅ ናት። እዚያ ሰው አገር ታማ ሞተች፣ እዚያው ተቀበረች። ከዚያ ወዲህ ሰዓዳ አያቷን በስልክ ማናገር ተወች። ስልኩን ሲያቀብሏት ተነሥታ ትሄዳለች። ጀማል ታክሲ ነጂ ነው፤ ለብቻው ልጅ ማሳደግ አቃተውና «ነይልኝ» አለኝ። የኔ ስደት እንዲህ ነው የጀመረው። ጦርነትም፣ በረሃም፣ ጀልባም የለበትም፤ ለዚህ ነው ስጽፈው የማፍረው።

የምጽፈው ግን እናንተ የቅዳሜ ክፍል ልጆች ስለጠየቃችሁኝ ነው። ለማያውቁት ላስረዳ፦ የቅዳሜ ክፍል ማለት ሮቤ ውስጥ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ናት። አስተማሪዎች፣ ነርሶችና የዩኒቨርሲቲ ልጆች ተሰባስበን፣ ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች በነፃ የምናስጠናባት፣ ከጥናቱ በኋላ ደግሞ የየራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉባት። ወፍጮው ሲነሣ እንጮኻለን፣ ሲቆም እናነባለን። የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ «እዚያስ እንደኛ ያለ አለ?» ብላችሁ ነበር። አለ። ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ቪዛው። የቪዛ መሥሪያ ቤቱ ሴትዮ በስልክ ነው የጠየቀችኝ።

«የትምህርት ማስረጃዎ ስህተት አለበት። አራተኛ ክፍልን የጨረሱት በሃያ ስድስት ዓመትዎ ነው ይላል።»

«ስህተት የለበትም።»

«ሃያ ስድስት?»

«አባቴ ለከብት ንግድ ጊኒር ሲመላለስ ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት የገባሁት ሱቁ ጭራሽ ሲዘጋ ነው።»

«ከሕፃናት ጋር ነው የተማሩት?»

«ከኋላ ነበር የምቀመጠው፤ እንዳልጋርዳቸው።»

ኪቦርዷ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ምን ብላ እንደጻፈች ዛሬም ቢሆን ባውቅ ደስ ይለኛል።

ሜልቦርን አየር ማረፊያ ደግሞ ወጣት ፖሊስ መሰል ሰው የእናቴን ጣሳ በጓንት አንሥቶ አገላበጠው።

«ምንድን ነው?»

«ቅቤ።»

«የሚበላ ነው የሚቀባ?»

እውነቱን ነገርኩት፤ «ሁለቱንም።»

ኮምፒውተሩን አየ። ለምግብ አንድ ቦታ፣ ለቅባት ሌላ ቦታ አለው፤ ለሁለቱም የሚሆን ቦታ አልተሠራለትም። «ከላም ነው?» አለኝ። «ከላም ነው» አልኩ። «ላሟ ጤነኛ መሆኗን የሚያረጋግጥ አለ?»

«እናቴ በየቀኑ ትጠይቃታለች።»

ጣሳውን ወሰደው። በትሕትና ነው የወሰደው፣ አልዋሽም። ጀማል ግን ከበሩ ማዶ አቅፎኝ ሲያበቃ መጀመሪያ ያለኝ ነገር «ቅቤውስ?» ነበር፤ ስነግረው እስከ ቤት ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

አገሩን ልንገራችሁ። ከሁሉ የገረመኝ ክረምታቸው ከክረምታችን ጋር መግጠሙ ነው። ሌላው ስደተኛ ሁሉ ወራቱ ተገለባበጡብኝ ይላል፤ እኔ ሐምሌ ላይ ስወርድ ብርዱ የጎባ ብርድ፣ ዝናቡ የጎባ ዝናብ ነበር። ጠዋት በር ስከፍት ደግሞ የባሕር ዛፍ ሽታ መጣብኝ። «ይሄን ዛፍ ከኛ ነው የወሰዱት?» አልኩት ጀማልን። «ዛፉማ የነሱ ነው። የወሰድነው እኛ ነን» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሳዝን ዋልኩ። የኔ ነው ያልኩት አንድ ነገር የነሱ ሆኖ ተገኘ።

ዳቦው አየር ነው፤ የኛ የስንዴ ዳቦ አንዱ ቁራሽ የነሱን ሙሉ ዳቦ ይመዝናል። ጎረቤት ማለት በግድግዳ የምትሰሚው ሰው ነው፤ ፊቱን አታውቂውም። የቤት አከራዩ ወኪል በየሦስት ወሩ ቤቱን ሊመረምር ይመጣል፤ «ኢንስፔክሽን» ይሉታል። መጣና ወጥ ቤታችን መሀል ቆሞ አሸተተ።

«ቤቱ ይሸታል።»

«ምን ይሸታል?» አልኩት።

«ምግብ።»

«ወጥ ቤት ውስጥ እኮ ነው የቆምከው።»

«ቀጣዩ ተከራይ ላይወደው ይችላል።»

«እኛ መች ወጣንና?»

ይህንንም ጻፈው። የዚህ አገር ሰው ሲቸግረው ይጽፋል፤ በዚህ እንኳ እንግባባለን።

ሰዓዳ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ዝምተኛ ናት። በኔ ወጥታለች ብዬ እንዳልኮራ፣ የሷ ዝምታ እንደኔ የተፈጥሮ አይደለም። ኦሮምኛውን ትሰማለች፣ አማርኛውንም ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። «አዳዳ» ብላ ትጠራኛለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ከአፏ የማገኘው ኦሮምኛ ያ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ እናቴ ስትደውል ወይ ትተኛለች፣ ወይ መታጠቢያ ቤት ትገባለች።

«አለች?» ትለኛለች እናቴ።

«እየታጠበች ነው።»

«ንጹሕ ልጅ ናት፣ ማሻአላህ። በደወልኩ ቁጥር ትታጠባለች።»

አሁን ወደ ጠየቃችሁኝ ነገር ደረስኩ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ቀድሞ ጫማ የሚታደስበት ሱቅ ነበር፤ ዛሬ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚገቡበት የጽሑፍ ቤት ሆኗል። ልክ እንደኛ ነው። በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች የቤት ሥራ ያግዟቸዋል፣ ከዚያ ልጆቹ ታሪክ ይጽፋሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ጽሑፋቸው በመጽሐፍ ይታተማል። ልዩነቱ፣ ወፍጮ የለም፤ ብስኩት አለ። ጀማል ሰዓዳን የላካት ለሒሳብ ነው። «ተረቱን ተዪው፣ ተረት አገራችን ሞልቷል» ይላታል።

እኔ አድርሻት በር ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። አንዲት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት መጡና፣

«ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትቆሚያለሽ?»

በዚያው ቀን ሦስት ልጆች ሰጡኝ። ስማቸው ጁዲ ነው፤ ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሁሉም «ጁዲ» ብሎ ይጠራቸዋል፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳይቀር። እኔ አፌ እምቢ አለኝ። «እትዬ ጁዲ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፤ አሁን ልጆቹ «እትዬ» ካላሏቸው ብስኩት አይሰጡም።

አንድ ሳምንት የተሰጠው ሥራ «በደንብ የምታውቁትን ንግግር ጻፉ» የሚል ነበር። ሰዓዳ በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ጽፋ አስረክባ ወጣች። እትዬ ጁዲ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ እርሳሳቸውን አነሡ፣ ከዚያ ወደኔ አመጡት።

«አንቺ እዪልኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ነው። ‘ሰላም ነሽ፣ ቤቱ ሰላም ነው፣ ላሟ ሰላም ናት፣ ዝናቡ፣ ስንዴው።’ ታሪኩ የት ጋ ነው የሚጀምረው?»

በስልክ የሚያወሩ አያትና የልጅ ልጅ ናቸው። አብዛኛውን በእርሳስ በስሱ ሰርዘውታል። የቅዳሜ ልጆች፣ እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ትርፍ ቃል አልወድም። እውነት ለመናገር መጀመሪያ የተስማማሁት ከእርሳሱ ጋር ነበር። ሆኖም ያልተነበበ አይሰረዝም ብዬ ከላይ ጀመርኩ።

የባሌ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ማንንም አይዘልም። በየስማቸው ነው የሚጠይቀው፤ ሰዉን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን። እናቴማ እዚህ ከብት እንደሌለን ስታውቅ የጀማልን ታክሲ ተክታ ትጠይቅ ጀመር። ተራውም አይዛነፍም። ጀማልስ፣ ሃሊማስ፣ መኪናውስ። በሰዓዳ ጽሑፍ ላይ አያትየዋ «ጀማልስ?» ትላለች፣ ልጅቷ «ደህና ነው» ትላለች። ቀጥሎ አንድ መስመር ባዶ ነው። ከዚያ «መኪናውስ?»

ባዶው መስመር ላይ እርሳስ አልነበረም። የሚሰረዝ ነገር ስለሌለው እትዬ ጁዲ አልፈውታል።

ሃሊማ የሞተች ሰሞን የመጀመሪያው ስልክ ሲደወል ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ይዛው ነበር ማለት ነው። አያቷ ከጀማል ወደ መኪናው ስትሻገር መሀል ላይ የዋጠችውን ትንፋሽ ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ስልክ የሸሸችው ያችን ባዶ ቦታ ፈርታ ነው።

ለእትዬ ጁዲ አስረዳኋቸው። እንግሊዝኛዬ እንዲህ ላለው ነገር አልተማረም፤ በጣቴ ነው ያሳየኋቸው። እዚህ አባት፣ እዚህ መኪና፣ እዚህ መሀል እናት። ላጲስ አንሥተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው የራሳቸውን መስመር አንድ በአንድ አጠፉ። ሁለት ገጽ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ግን ያው እኔ ነኝና፣ ሲጨርሱ «አራተኛው መስመር ላይ ነጥብ ይጎድላል» አልኳቸው።

ጽሑፉ ለመጽሐፉ ተመረጠ። ችግሩ የቤቱ ደንብ ነው። በሕይወት ያለ ሰው የገባበት ጽሑፍ፣ ሰውየው ተነቦለት ካልፈቀደ አይታተምም። የሚያነብለት ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ነው። እትዬ ጁዲ ይህንን ሲነግሯት ሰዓዳ ቦርሳዋን አነሣች።

«ታዲያ አይታተም» አለች።

እኔም አልለመንኳትም። ለምኜ ያስነበብኩት ልጅ የለም፣ ታውቃላችሁ። ጀማል እንኳ «ግድ የለም፣ ሒሳቡ ተሻሽሏል» ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ከሰዓት ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ መጣች።

«አዳዳ፣ ‘ስንዴው አሽቷል?’ በኦሮምኛ እንዴት ይባላል?»

ነገርኳት። ሄደች። ተመለሰች። «ላሟ ከወለደች ጥጃዋም ትጠየቃለች?»

«ትጠየቃለች እንጂ።»

ሲመሽ ሁለቱ ገጽ በላቲን ፊደል ኦሮምኛ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስህተቱን አየሁት። አላረምኩትም፤ እናቴ ማንበብ አትችልም፣ የምትሰማው ድምፅ ነው።

እሑድ ስልኩ ሲጮህ ሰዓዳ አልተነሣችም። ጀማል ሥራ ሊወጣ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ጋ ቆሟል። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ እጽፍላችኋለሁ።

«አኮ» አለች ሰዓዳ። አያቴ ማለት ነው። «የጻፍኩትን ላነብልዎ ነው። አይታተምም ካሉ አይታተምም።»

እናቴ፣ «አንብቢ» አለች፣ ልጅቷን እንዳታስደነግጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«‘አኮ፣ ሰላም ነዎት? ቤቱ ሰላም ነው?’»

«ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እያነበብኩ ነው አኮ።»

«አንብቢ፣ ማን ከለከለሽ። ቤቱ ግን ሰላም ነው።»

«‘ላሟስ ደህና ናት? ስንዴው አሽቷል?’»

«ላሟ እግሯን አሟት ነበር፣ ተሻላት። ስንዴው ዘንድሮ መልካም ነው። ኧረ ስንቱን አስታወሰች፣ ይቺ ልጅ።»

ሰዓዳ ሳቋን ዋጠችና ገጹን ገለበጠች። «አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ‘ጀማልስ፣’ ይላሉ...»

«ቆይ፣ ያን የምለው እኔ አይደለሁም? ራሴ ልበለው።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጀማልስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች ሰዓዳ፣ ከወረቀቱ።

ከዚያ ቆመች። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ነው። «አኮ፣ እዚህ ጋ መስመሩ ባዶ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

ጀማል በሩን ከፍቶ ወጣ። እርምጃው በደረጃው ሲወርድ ሰማነው።

«ሃሊማስ?» አለች እናቴ። «ያለችበት ቦታ ዝናብ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«ሣሩስ በቅሏል?»

ሰዓዳ ወደኔ አየች። እኔ መቃብሩን አላውቀውም፤ ጀማል ወስዶን አያውቅም። «አላየሁም አኮ» አለች።

«እዪና ንገሪኝ። እኔ ከዚህ አይታየኝም።»

«እሺ።»

«መኪናውስ ደህና ነው?»

ሰዓዳ ስልኩን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ሄደች። ታች መንገዱ ዳር ታክሲው ቆሟል፤ መብራቱ አልበራም፣ ሞተሩም አልተነሣም።

«ደህና ነው» አለች። «አባዬ ውስጡ ተቀምጧል።»

«ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ተቀምጧል።»

«በሉ ጥሩት ይግባ» አለች እናቴ። «ይበርደዋል።»