የተቆጣ ድድ

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ መካከል ድዴ ላይ አንዲት ቀይ ነገር በቀለች። መጀመሪያ የምስር ፍሬ ታክል ነበር። ጥርሴን ስቦርሽ ትደማለች እንጂ አታመኝም። ስለማታመኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለምትደማ ደግሞ በዚያ በኩል መቦረሽ ተውኩ። ሁለት ወር ሳይሞላት አተር አከለች።

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት የጭነት መጋዘኖች በአንዱ ይሠራል። እናቴ ከጓደኛዋ ጋር ኪሊማኒ የከፈተችው ምግብ ቤት ነበራት። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ወደዚያ እሄድና ኩሽናው በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ናይሮቢ የገባሁት በሦስት ዓመቴ ስለሆነ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው። የምግቡን፣ የልብሱን፣ የቁጣውን ቃል ሁሉ አውቃለሁ፤ ከዚያ ሲያልፍ እንግሊዝኛ ወይም ስዋሂሊ እሰካበታለሁ። እናቴ ደግሞ በስዋሂሊ የገበያ ነጋዴ ሁሉ የሚፈራት ሴት ብትሆንም፣ በእንግሊዝኛ ከሰላምታ አታልፍም ነበር። ስለዚህ ባንክም ሆነ ትምህርት ቤት አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

ድዴ ላይ ያለችው ነገር መታየት ስትጀምር አፌን በእጄ ሸፍኜ መሳቅ ለመድኩ። ቀጥሎ መሳቁንም ተውኩት። በክፍሉ ውስጥ ለፍላፊ የምባለው እኔ ነበርኩና ልጆቹ ኮርታለች ብለው አሙኝ። የስዋሂሊ አስተማሪያችን በወላጆች ቀን ግጥም እንዳነብ መርጠውኝ ነበር፤ ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ለሌላ ልጅ አስተላለፍኩት። ያቺ ልጅ መድረክ ላይ ስታነብ ከኋላ ወንበር ቁጭ ብዬ ግጥሙን በሆዴ አብሬያት ወጣሁት። አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም።

ነገሩ የተገለጠው በአንድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ስበላ ነው። ስገምጠው ነጩ ዳቦ ላይ ደም ቀረ። እናቴ ትሪ ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ አየችው። ትሪውን አስቀመጠች፣ አገጬን ያዘች።

«አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።

በስልኳ መብራት ስታየኝ ጓደኛዋ መጣች፤ ሊበሉ የተቀመጡ ሁለት ሴቶችም ተነሥተው መጡ። አንደኛዋ በጨው ውኃ ትጉመጥመጥ አለች። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ይቀጥቀጥላት አለች። የእናቴ ጓደኛ ትርፍ ጥርስ ነው ብላ ድርቅ አለች፤ የአጎቷ ልጅም እንደዚሁ በቅሎለት እንደነበር ተረከችልን። አባቴ ማታ ሲገባ በደንብ አየልኝና፣ ይህች ልጅ አንዱ ምላስ አልበቃት ብሎ ሁለተኛ ልታበቅል ነው አለ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አፌ ላይ ሳላደርግ ሳቅኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ኬንያዊት ነበረች። በትንሽ መስተዋት አየችኝ፣ ነካ ነካ አደረገችኝ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ ለእናቴ መናገር ጀመረች። እናቴ ወደኔ ዞረች።

«ምን አለች?»

ሐኪሟ የተጠቀመችበትን ቃል በአማርኛ ፈለግኩት። ያገኘሁት የትምህርት ቤት ቃል ነበር። «ድዴ ላይ እድገት አለ ትላለች» አልኩ።

«የምን እድገት?»

አለመግባባታችንን ሳይ ሌላ ቃል ፈለግኩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ ስለ አንዲት ሕመምተኛ ድምፃቸውን ቀንሰው ሲያወሩ የሰማሁት ቃል ትዝ አለኝና፣ ኮራ ብዬ «ዕጢ ነው» አልኳት።

እናቴ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሐኪሟ ፊቷን አይታ ንግግሯን አቋረጠችና ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ጠየቀችኝ። አማርኛ አታውቅም፤ ግን ያልኩትን ቃል ስነግራትና የት እንደሰማሁት ሳስረዳት ገባት። ወረቀት አውጥታ ሁለት ጥርስ ሳለች፤ በመካከላቸው ድዱን፣ ድዱ ላይ ደግሞ ክብ ነገር አደረገች። ከዚያ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ፣ ድዱ ሥር የገባ ቆሻሻ ሳይኖር እንደማይቀር፣ ሰውነቴም በዚያ ተናድዶ ይህን ሥጋ እንዳበቀለ፣ በኔ ዕድሜ ብዙ ልጆች ላይ እንደምታየው ነገረችኝ። አውጥታ ለማረጋገጥ ወደ ላቦራቶሪ እንደምትልከውም ጨመረችበት።

ተናደደ ያለችውን በአማርኛ እንዴት እንደምለው ግራ ገባኝ። ብቻ እንዳለ አወጣሁት፤ «ቆሻሻ ገብቶ ድዴ ተቆጥቶ ነው ትላለች።»

እናቴ ከወንበሩ ተነሣች። «ተቆጥቶ ነው? እና ተቆጥቶ ነው አትይኝም?»

በአማርኛ ቁስል እንደሚቆጣ እኔ አላውቅም ነበር። ለሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነገር ነው። እግር እሾህ ወግቶት ይቆጣል፤ ጣት ስለት ነክቶት ይቆጣል። ድድስ ለምን አይቆጣም? ሐኪሟን በሁለት እጇ ጨብጣ ደጋግማ በስዋሂሊ አመሰገነቻት።

በሳምንቱ አወጡልኝ። መርፌው አመመኝ፤ ሐኪሟ «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለች፣ አይዞሽ እንደማለት፣ ትከሻዬን ትደባብሰኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር መሰለኝ። ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ ጥርሶቼን ሥራቸው ድረስ ስትፍቅ አንድ ነገር በመቆንጠጫ አውጥታ አሳየችን። የሸንኮራ አገዳ ክር ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በጋሪ እየተቆራረጠ በላስቲክ የሚሸጠውን ሸንኮራ በየቀኑ ነበር የምመጠው። እናቴ ክሯን አየች፣ እኔን አየች። ያወጡት ሥጋ በትንሽ ጠርሙስ ተዘግቶ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ።

ድዴ እስኪድን በርበሬ ተከለከልኩ። እናቴ ለብቻዬ ከመሥራት ብላ ለቤቱ ሁሉ አልጫ ሠራች። በሦስተኛው ቀን አባቴ እኔ ምን አጠፋሁ ብሎ ጠየቀ። ምግብ ቤቱም ውስጥ የአልጫው ድስት ከቀይ ወጡ በልጦ ነበር፤ ደንበኞቹ በርበሬ ተወደደ እንዴ እያሉ ይጠይቁ ነበር። እናቴ የምትፈራው ውጤቱን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እጇ ምን ላይ እንዳለ የማታውቅ ትመስል ነበር፤ አንድ ቀን ሻይ ውስጥ ጨው ጨመረች።

ለውጤቱ ከእናቴ ጋር ስንሄድ፣ ቀድሜ ከአባቴ ጋር ተዘጋጅቼ ነበር። ጉዳት የሌለው ማለትን፣ አደገኛ ያልሆነ ማለትን በቃሌ አጥንቻለሁ። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ገና ፈገግ ስትል እናቴ ከንፈሯን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ሐኪሟ በረጅሙ አስረዳች። ጉዳት የሌለው ነው፤ ግን በደንብ ካልቦረሽኩ ሊመለስ ይችላል። አፌን ከፍቼ ልተረጉም ስል እናቴ ከለከለችኝ።

«ተይው፣ ይሄ ገብቶኛል» አለች።

እዚያው ሳለን ሐኪሟ እናቴ አፏን በግራ በኩል ብቻ ከፍታ እንደምትናገር አስተዋለችና ስለ ራሷ ጥርስ ጠየቀቻት። ለካ እናቴ አንዱ የመንጋጋ ጥርሷ ከዓመት በላይ ሲያማት በቅርንፉድ እየያዘችው ኖሯል። እንደኔው ለማንም ሳትናገር። ያን ቀን ወንበሩ ላይ እሷ ወጣች፣ አጠገቧ ቆሜ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «አፍሽን ክፈቺ» ስላት በዓይኗ ገላመጠችኝ።

ነገርየዋ ከዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ተመለሰች፤ ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ኪሊማኒ ላይ ወረድኩና ሐኪሟ ዘንድ ብቻዬን ገባሁ። ጥርሶቼን አጥባ፣ አቦራረሼን አስተካክላ፣ በሦስት ሳምንት ካልጠፋች ተመለሺ አለችኝ። ጠፋች። ለእናቴ የነገርኳት ከጠፋች በኋላ ነው። ያን ቀን የተቆጣችው በድዴ አይደለም፤ ሳልነግራት ብቻዬን በመሄዴ ነው። ቁጣዋ እስከ እራት ቆየ፤ ከዚያ ሐኪሟ ስለ እሷ ጥርስ ጠይቃኝ እንደሆነ ልትሰማ ፈልጋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።