ጀልባ ቀዛፊውን ከሞት ያስነሣው ጠራዥ

እሺ ብሏል። ከአሁን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይቀመጣል፤ ያውም በገዛ አፉ ነው ያለው። ምሥራቹን ተናግሬ ባለምሥራቹን ዘለልኩት፣ ደስታ ሰውን እንዲህ ያጣድፈዋል። ሰውዬው ጋሽ ሙጫ ነው፤ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ጠራዥ።

ጋሽ ሙጫ የተባለው ጥፍሮቹ ዙሪያ የደረቀ ሙጫ ስለማይጠፋ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዋና ስሙ የጠራው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የሚሠራው ምድር ቤት ነው። ከእግረኛው መንገድ እኩል የሆነች አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው፤ ከሰው የምታሳየው ጫማውን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ወስፌ፣ ሰም የጠጣ ክርና የብረት መጭመቂያ አለ። የተገነጠለ መጽሐፍ ከላይ በትንሿ የመጻሕፍት አሳንሰር ይወርድለታል፤ ተሰፍቶ በዚያው ይወጣል። አንባቢው ከመደብር ዳቦ እንደሚያነሣ አንሥቶ ይሄዳል፤ ማን ጋገረው የሚል የለም። «እንዴት ዋልክ» ሊለው ደረጃውን የወረደ አንድም አንባቢ አልነበረም።

አሁን ወደ ደራሲው ልምጣ። ዘንዶ፣ የሚተነፍስ ተራራና የሚናገር ወንዝ ያለበትን ባለ አምስት ቅጽ ልብ ወለድ የጻፈውን ሰው ከፀጉር ቤት እስከ ባንክ ወረፋ ያላነበበው የለም። በእሱ ጉዳይ ግን ሁለት ሰው አይስማማም። እኛም ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በንባብ ክፍሉ ጥግ፣ አሳንሰሯ አጠገብ ተሰብስበን የምንጨቃጨቀው በእሱ ነበር። በአንድ ወገን ጡረተኛው ሾፌር አለ፤ ደራሲው አንድ ፈረስ ለመጫን አርባ ገጽ ይፈጃል፣ እኔ በዚያ ጊዜ ሁለት ከተማ ደርሼ እመለሳለሁ ይላል። በሌላ ወገን ነርሷ አለች፤ ከአዳር ሥራ ወጥታ እንኳ ሳትተኛ የምታነብ። እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የተናገረው ሰው ወገን ነኝ።

ሦስተኛው ቅጽ ላይ ግን ጨዋታው ጠብ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው አንድ ቅጂ ስለሆነ እየተቀባበልን ነው ያነበብነው። እዚያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ አለ፣ ባለታሪኳን ከልጅነቷ ጀምሮ ወንዙን ያሻገራት። ይሞታል። ይቀበራል። አለቀስን። ከዚያ ቅጠሉን ስንገልጥ ሰውዬው ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ መረቡን እየጠገነ ልጅቷን «በልተሻል?» ይላታል። ጥቂት ገጽ አብሯት ያወራና በአረፍተ ነገር መሃል ድንገት ይጠፋል፤ ማንም ከዚያ በኋላ ስሙን አያነሣም።

ሾፌሩ በሳቅ ፈረሰ። ደራሲው ማንን እንደገደለ ረስቷል፣ ዝናው አናቱ ላይ ወጥቶ አረፍተ ነገር መጨረስ እንኳ ታክቶታል አለ። ነርሷ አልሳቀችም።

«እናቴን በቀበርን ማግስት ወጥ ቤት ቆማ አየኋት» አለች። «ለማንም አልተናገርኩም። ይኼ ሰው ያንን ነው የጻፈው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ የትኛውን አረፍተ ነገር ነው የሚጨርሰው?»

ሾፌሩ እንቅልፍ ማጣት ነው አላት። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎራ ሆንን፤ ሌላ ቅጂ ፈልጎ ማመሳከር ለማናችንም አልታየንም፤ ክርክር የሞቀው ሰው ማስረጃ መች ይፈልጋል። ወንበሩም እየሳሳ ሄደ። ዛሬ ሾፌሩ ራሱ፣ ለአንድ ዝርክርክ ደራሲ ብለን ከምንቀያየም እንበተን አለ። ነርሷም ይሁን አለች። ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ያላወቅነው፣ የአሳንሰሯ ቀዳዳ ድምፅ ወደ ታች ማውረዱን ነው። ጋሽ ሙጫ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለውም። ግን ቤት ማን አለና? ምሳውን ቋጥሮ ይመጣና እኛ እስክንሰበሰብ አቆይቶ ወንበሩን ከአሳንሰሯ በር አስጠግቶ ከእኛ ጋር ይበላል፤ እኛ ሳናውቅ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እሱ በዚህ መላ ተረቱን ሲያታልለው ኖሯል። ፊታችንን አያውቅም። ሾፌሩ ነገር ሊያጣምም ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርግ፣ ነርሷ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ እንደሚል ግን ያውቃል።

ስለ እናቷ የተናገረች ቀን የጎረሰው አፉ ውስጥ ቀረ። ሌላም ነገር ያኔ ገባው። ያንን ቅጽ የሰፋው እሱ ነው፤ ሚስቱን ቀብሮ ሥራ በተመለሰ ሰሞን። መጽሐፍ የሚሰፋው ጥቂት ጥቂት ቅጠል አብሮ እየታጠፈ፣ እጥፉ በተራ እየተደረደረ ነው፤ ተራውን የሚጠብቀው የገጹ ቁጥር ነው። የዚህ ግን የታችኛው ጠርዝ በውሃ በስብሶ ስለነበር አስቀድሞ ቆርጦ ጣለው፣ ቁጥሩም አብሮ ሄደ። ከዚያ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሽማግሌው በሕይወት ያለበትን አንዱን እጥፍ ያለ ቦታው፣ ከቀብሩ በኋላ ሰፋው። ጀልባ ቀዛፊውን ከመቃብር ያስነሣው የጋሽ ሙጫ ወስፌ ነው።

ይህን እያወቀ ዝም አለ። ቢናገር የነርሷን መጽናኛ ሊቀማት ሆነ። ዝም ቢል ደግሞ እኛ ልንበተን፣ እሱም ያቺን ዲዳ ቀዳዳ ታቅፎ ሊቀር ነው። ዛሬ «እንበተን» የሚለውን ሲሰማ ምሳውን ጥሎ ደረጃውን ወጣ።

ሽርጡን እንደታጠቀ ፊታችን ቆመ። ማናችንም በመልክ አላወቅነውም፤ ሾፌሩ ሊዘጉ ነው መሰለኝ ብሎ ኮቱን አነሣ።

«ደራሲው አልተሳሳተም» አለ ጋሽ ሙጫ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ጠርዙን፣ እጥፉን፣ ያኔ ቤቱ ሐዘን እንደነበር፣ ምሳውን ከእኛ ጋር ይበላ እንደነበር ሳይቀር። ሾፌሩ ያነሣውን ኮት መልሶ አስቀመጠ።

«ይሄን ሁሉ ቅዳሜ ሰውዬውን በከንቱ አማሁት በለኛ» አለው። «ቆይ፣ የፈረሱስ አርባ ገጽ? እሱንም አንተ ነህ የሰፋኸው?»

«እሱስ የራሱ ነው።»

ሳቅን። ነርሷ ግን መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ያንን ገጽ ትገልጥ ነበር።

«ስለዚህ ሞቷል» አለች በመጨረሻ።

«ሞቷል፣ እህቴ። በልተሻል ያላት ሳይሞት በፊት ነው። ሰኞ ፈትቼ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

«አይፍቱት» አለች፤ አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችለት። «ማን ነበር የሞተብዎ?»

ተቀመጠ። ስለ ሚስቱ ነገራት። እሱ ሲታጠብ በሩን ተደግፋ የዋለችበትን ታወራለት እንደነበር፣ ዛሬም ከእሱ በቀር ሰው በሌለበት ቤት የመታጠቢያውን በር ገርበብ አድርጎ እንደሚተው። ሾፌሩ እንኳ እንቅልፍ ማጣት ነው አላለም።

በኋላ ስለ ደራሲው ጠየቅነው። «ወሬ ያበዛል» አለ። «ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን ወሬ አይበዛበትም።» ሾፌሩ ለእኔ ፈረደልኝ አለ፤ ነርሷም ለእኔ ነው አለች። መጽሐፉ ይፈታ፣ አይፈታ፣ ለቀጣዩ አንባቢ ይነገረው፣ አይነገረው በሚለውም ሳይስማሙ ነርሷ ተረኛ ናትና ተነሣች። ጋሽ ሙጫም ማንንም ሳይሰናበት ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።

ተከትዬው ወረድኩ። ከዛሬ ጀምሮ ከላይ አብረኸን ተቀመጥ አልኩት። በመስኮቷ የሚያልፈውን ጫማ አየ።

«ከታች ስሰማችሁ ሁላችሁም የኔ ነበራችሁ» አለኝ። «ከላይ ስወጣ ግን እንግዳ ሆንኩ። እጄን እንኳ የት እንደማደርገው አላውቅም።»

አሳንሰሯን አየ፣ ከዚያ እኔን፤ ነርሷስ ትመጣለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ካለህ አትቀርም አልኩት። «እንግዲያው እሺ፣ እመጣለሁ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ቃሉ ለራሱም እንግዳ እንደሆነበት ሰው።

ነርሷ ይህን አልሰማችም። ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ልብሷን ቀይራ ከገባች ስልክ አታነሣም። አውቶቡሱ መጣ፣ ሆስፒታሉ ደርሼ ልንገራት።